ለሪፍ (የጨው ውሃ የኮራል) ኪዩብ ታንክ 30፣ 45 ወይስ 60 ሴንቲ? ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው

ጀማሪው_ሪፍ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጨው የሌለው ውሃ ታንክ 6 ዓመት ይዣለሁ፣ ጉፒና ኒዮን ቴትራ ነበር ሥራዬ። አሁን ግን ልቤ ኮራል ላይ ወድቋል። አንድ ዓመት ሙሉ ቪዲዮ ሳይ ከርሜ ሚስቴ «ወይ ግዛው ወይ ተወው» ብላኛለች።

የምፈልገው ኪዩብ ነው፣ ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም እኩል የሆነ። ረጅም ታንክ የማስቀምጥበት ግድግዳ የለኝም፣ ያለችኝ ከሶፋው ጎን 70 በ70 የምትሆን ጥግ ናት። ሦስት ምርጫ ፊቴ ተደቅኗል፤ 30፣ 45 እና 60 ሴንቲ። የሱቁ ልጅ «ለጀማሪ 30ዋ ትበቃለች» አለኝ፣ ጓደኛዬ ደግሞ «ከገዛህ አይቀር ትልቁን» ይላል። እንዲኖረኝ የምፈልገው ሁለት ክላውን ፊሽ፣ ከሽሪምፕ ጋር አንድ ጉድጓድ የሚጋራው ጎቢ፣ ለስላሳ ኮራሎች፣ ቆይቶ ሀመርና ቶርች የሚባሉት ኮራሎች፣ እንደምንም ብዬ ደግሞ ቢጫ ታንግ የሚባለው ዓሣ አንድ። በጀቴ ሁሉንም ጨምሮ 1,500 ዶላር ነው። ቤቱ ኪራይ፣ ሕንፃው የእንጨት፣ ሊፍት የሚባል የለም።

የትኛውን ልግዛ? «እንደ ምርጫህ ነው» አትበሉኝ፣ እሱንማ እኔም አውቃለሁ።

ናኖ_ብቻ (ሲያትል)

30 ግዛና ተገላገል። እኔ በ30 ሴንቲ ኪዩብ 4 ዓመት ሆኖኛል። ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬ እስኪፈላ 3 ሊትር ውሃ ቀይሬ እጨርሳለሁ፣ በጆግ ነው የምቀይረው፣ ባልዲ እንኳን የለኝም። ውስጡ አንዲት ጎቢ፣ አንድ ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣዎች፣ የቀረው ዙአንቲድና ማሽሩም ኮራል ነው። ናኖ (ትንሽ ታንክ) ይከብዳል የሚባለው ዓሣ ለሚያጭቅበት ሰው ነው።

ጨው_በልኬቱ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ናኖ ስለራሱ ታንክ እውነቱን ነው የተናገረው። ግን አንተ የጻፍከው የ30 ዝርዝር አይደለም፣ ናኖ ራሱ ክላውን እንደሌለው አስተውል።

መጀመሪያ ዓይንህ እያታለለህ መሆኑን እወቅ። ሱቅ ውስጥ 30፣ 45 እና 60 ተደርድረው ስታያቸው ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ይመስሉሃል፣ እንደ ሸሚዝ ቁጥር። ኪዩብ እንደዛ አያድግም። 30ው 27 ሊትር ነው። 45ቱ 91 ሊትር። 60ው 216 ሊትር። ጎኑን እጥፍ ስታደርገው ውሃው 8 እጥፍ ይሆናል። ከ30 ወደ 45 ስትሄድ ብቻ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመርክ ማለት ነው፣ እና 15 ሴንቲ እኮ የአንድ እስክሪብቶ ርዝመት ናት።

ይህም ባዶውን ነው። ድንጋይና አሸዋ ስታስገባ፣ ውሃውንም ከአፉ ትንሽ ዝቅ ስታደርገው ከ10 እስከ 15 በመቶው ይሄዳል። 30ው ውስጥ የሚቀርህ እውነተኛ ውሃ 23 ሊትር አካባቢ ነው። አንዲት ክላውን ያልበላችው ምግብ ድንጋይ ሥር ቢበሰብስ፣ አንድ ቀንድ አውጣ ሞቶ ሳታየው ቢያድር፣ ከብስባሹ የሚወጣው መርዛማ አሞኒያ የሚበተንበት ቦታ የለውም። ያው ቀንድ አውጣ 60ው ውስጥ ቢሞት ላታውቅም ትችላለህ።

ሌላው ትነት ነው። ውሃው ሲተን ጨው አይተንም፣ እዚያው ይቀራል። ክረምት ሂተር በርቶ ቤቱ ሲደርቅ በቀን አንድ ሊትር ይሄድብሃል። ከ23 ሊትር ላይ አንድ ሊትር ሲቀነስ ጨዋማነቱ (በአንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ ያለው ጨው በግራም) በአንድ ቀን ከ35 ወደ 36.6 ይወጣል። 190 ሊትር ላይ ግን 35.2 ቢሆን ነው። ስለዚህ ቢያንስ 45፣ ከቻልክ 60።

ናኖ_ብቻ (ሲያትል)

ቆይ ቆይ ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የኔ ታንክ በቀን አንድ ሊትር ተኖ አያውቅም። አፉ 30 በ30 ናት፣ ከየት አምጥቶ? ግማሽ ሊትር ከሞላ በዛ። ትነት የሚወጣው ከላዩ ነው፣ ትልቁ ታንክ አፉም ትልቅ ነው።

ጨው_በልኬቱ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ይገባኛል፣ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ሁሉም እኩል ይተናል ብዬ ማስላቴ ስህተት ነበር። እንደገና ላስላው።

ሦስቱም አንድ ቤት ውስጥ፣ ክዳን ሳይኖራቸው፣ በቀን ግማሽ ሴንቲ ይወርዳሉ እንበል። 30ው ግማሽ ሊትር አይሞላም፣ 45ቱ አንድ ሊትር፣ 60ው ወደ 1.8 ሊትር ያጣል። ሦስት ቀን ለሠርግ አትላንታ ሄደህ ብትመለስ 30ው 36.8 ደርሶ ትደርሳለህ፣ 60ው ደግሞ 35.9። ስለዚህ ልዩነቱ እጥፍ ነው፣ ቅድም እንዳስመሰልኩት 8 እጥፍ አይደለም። ጉዳዩ የቁመት ነው፤ ከ30 ሴንቲ ላይ ግማሽ መቀነስና ከ60 ላይ ግማሽ መቀነስ።

ስሌቱ ግን ሌላም ነገር አሳየኝ። 60ው በሳምንት ከ12 ሊትር በላይ ንጹህ ውሃ ይጠጣል። ያንን ውሃ አንተ ነህ የምታዘጋጀው። እና አየሩ ውስጥ የሚገባው እርጥበትም ያንተው ሳሎን ውስጥ ነው፣ ክረምት መስኮትህ ላይ ታገኘዋለህ። «ከቻልክ 60» ያልኩትን ትንሽ ላለዝበው።

የትኛውንም ብትገዛ አውቶ ቶፕ ኦፍ አስገባ። የተነነውን በራሱ የሚሞላ ትንሽ ፓምፕ ነው። ከመብራቱም በፊት ገንዘብህን እሱ ላይ አውጣ ባይ ነኝ።

እሙ_ዴንቨር (ዴንቨር፣ ኮሎራዶ)

ትንሽ ታንክና ትልቅ ታንክ ምን እንደሚለያቸው እኔን ጠይቁኝ፣ በእናቴ የተፈተንኩ ነኝ 😄

የመጀመሪያዬ 30 ሴንቲ ኪዩብ ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። እኔ ሥራ ስሄድ ዓሣዎቹ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ያዩዋታል። «እነዚህ ልጆች ጦማቸውን ነው እንዴ የሚውሉት» ብላ ጠዋት ሰጠቻቸው፣ ምሳ ሰዓት ሰጠቻቸው፣ መክሰስም አልቀረባቸው። ሦስተኛው ቀን ውሃው ወተት መሰለ። ሁለቱም ክላውኖች ሞቱ። እማዬ ምን እንዳደረገች አልነገርኳትም፣ እስከዛሬ «የአገሩ ውሃ አልተስማማቸውም» ብላ ነው የምታምነው።

አሁን 60 አለኝ። ባለፈው ዓመት አማቴ መጣችና ያንኑ አደረገች፣ እንዲያውም የምግቡ ክዳን አምልጧት ግማሹ ገባ። አንዱን ሀመር አጣሁ፣ ሁለት ጊዜ 40፣ 40 ሊትር ቀየርኩ፣ ዓሣዎቹ ግን ተረፉ። 8 እጥፍ ውሃ ማለት ይኸው ነው።

ግን 60ን ማንም ያልነገረኝን ልንገርህ። 60 ሴንቲ ጥልቀት ማለት እጅህ እስከ ብብትህ ይገባል። የወደቀ ኮራል ለማንሳት በርጩማ ላይ ወጥቼ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ፀጉሬን በሻሽ አስሬ ነው። ሁለተኛ፣ ሁሉም ነገር ያድጋል። ሂተሩ፣ ፓምፑ፣ ስኪመሩ (ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው)፣ የጨው ባልዲው። ባለቤቴ «ታንኩን አይደለም የገዛነው፣ ሥራውን ነው» ይላል። እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ውሃውን በቱቦ ወደ ውጭ እለቀዋለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ሆኜ ቢሆን አላውቅም።

አናጢው (ሚኒያፖሊስ)

ስለ ውሃው እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኔ ስለ ወለሉ። ሥራዬ የእንጨት ቤት መሥራት ነው፣ ታንክም አለኝ።

60ው ውሃው ብቻ ከ200 ኪሎ በላይ ነው፣ የጨው ውሃ በሊትር አንድ ኪሎ ከ25 ግራም አካባቢ ይመዝናል። በ10 ሚሊ መስታወት ከሆነ መስታወቱ 45 ኪሎ። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ቁምሳጥኑ፣ ከሥር ያለው ሳምፕ (የማጣሪያው ታንክ) ከነውሃው ሲደመር ከ330 ኪሎ አያንስም። 45ቱ ያለ ሳምፕ ሁሉም ነገር ተደምሮ 150፣ 160 ኪሎ ቢሆን ነው፣ ሁለት ወፍራም እንግዶች ጎን ለጎን እንደቆሙ ቁጠረው።

አሜሪካ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ወለል የሚሠራው በካሬ ጫማ 40 ፓውንድ እንዲሸከም ተብሎ ነው፣ ወደ 195 ኪሎ በካሬ ሜትር መሆኑ ነው። የ60ው ሥር ግማሽ ካሬ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ 0.36 ካሬ ሜትር ናት። ቁጥሩን አይተህ አትደንግጥ፣ ያ መጠን ለክፍሉ በሙሉ የታሰበ ነው፣ ወለሉ አንድ ቦታ ላይ ከዛ በላይ ስለተጫነው ወዲያው አይወድቅም። ግን የኪዩብ ችግሩ ይህ ነው፤ ረጅም ታንክ ክብደቱን አምስት ስድስት አግዳሚ (ወለሉን የተሸከመው እንጨት) ላይ ያከፋፍላል፣ ኪዩብ ሁሉንም አንድ ወይም ሁለት አግዳሚ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ሸክሙን ከሚይዘው ግድግዳ አጠገብ ይሁን፣ ክፍሉ መሃል ላይ በፍጹም። ውጫዊው ግድግዳ ሁልጊዜ ሸክም ይይዛል ማለትም አይደለም፣ አግዳሚዎቹ ጫፋቸውን ያሳረፉበት ግድግዳ የትኛው እንደሆነ የሕንፃውን ሰው ጠይቅ። ያንተን ሕንፃ አላየሁትም፣ 60 ከሆነ ያየ ሰው ሳይናገር አትሙላው።

መስታወቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ሰው የሚመስለው የውሃው ብዛት ነው የሚገፋው። አይደለም፣ ቁመቱ ነው። ለዚህ ነው 45 በ8 ሚሊ የሚሠራው፣ 60 ሲሆን ግን 10 ወይም 12 ሚሊ የሚሆነው። ጠርዝ የሌለው ከሆነ ከሥሩ ስስ ፎም አድርግ፣ በአራቱም በኩል ውሃ ልክ ያዝ።

እና ከሁሉ በፊት የኪራይ ውልህን አንብብ!! ብዙ ውል ላይ የታንክ መጠን ገደብ አለው።

ጀማሪው_ሪፍ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

አናጢው እግዜር ይስጥልኝ። ውሉን አውጥቼ አነበብኩት፣ 5 ዓመት ኖሬበት ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። 14ኛው ገጽ ላይ «የዓሣ ታንክ ከ30 ጋሎን አይብለጥ፣ የተከራይ ኢንሹራንስም ይኑር» ይላል።

60ው ስንት ጋሎን ነው ብዬ አሰላሁ፣ 57። 45ቱ 24። 50 ሴንቲ የሚባል አይቼ ነበር፣ እሱም 33 ሆነ፣ በሦስት ጋሎን ተሰናበተ። ጓደኛዬ «ማን ይለካብሃል» አለኝ። ውሃው ታች ቤት ጣሪያ ላይ ከፈሰሰ እነሱ ይለኩታል።

ስለዚህ 30 ወይም 45። ታንጉስ? አንድ ብቻ፣ ትንሽዬ ብትሆን?

አሽዶድ_ባሕር (አሽዶድ፣ እስራኤል)

ታንጉን እርሳው። 60ም ቢሆን እርሳው እልህ ነበር።

እዚህ ኤይላት የኮራል ባሕር ዳርቻ ጥብቅ ቦታ ሄደህ ጭንቅላትህን ውሃ ውስጥ ብትከት ታንጎቹን ታያቸዋለህ። አይቆሙም። ከድንጋይ ድንጋይ አልጌ እየነጩ ሲሄዱ፣ ሲመለሱ፣ ሲባረሩ ይውላሉ። ቢጫው ታንግ እኛ ጋ የለም፣ የሚታወቀው በሀዋይ ነው፣ ግን ጠባዩ ያው ነው። ሲያድግ ወደ 20 ሴንቲ ይደርሳል። 45 ሴንቲ ኪዩብ ውስጥ 20 ሴንቲ ዓሣ ማለት ሁለት ጊዜ ጅራቱን ሲመታ መስታወቱን ይሳማል ማለት ነው። ኪዩብ ሊትሩ ቢበዛም የመሮጫ ርዝመት የለውም። ለታንግ 120 ሴንቲ ርዝመት ያለው ታንክ ትንሹ ነው። ሱቅ ውስጥ 5 ሴንቲ ሆኖ ያየኸው ስላላደገ ነው።

በነገራችን ላይ ቢጫ ታንግ በሰው እጅ ተፈልፍሎ ያደገው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እዚያው ሀዋይ። ሰው ይህን ያህል ለፍቶ ያሳደገውን ዓሣ ሳጥን ውስጥ አንክተተው።

ከባሕራችን ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። የኤይላት ውሃ ጨዋማነቱ ከ40 በላይ ነው፣ ሱቅ የምንገዛቸው ኮራሎች ግን አብዛኞቹ ከኢንዶኔዥያና ከአውስትራሊያ አካባቢ ስለሆኑ ታንካችንን 35 ላይ ነው የምንይዘው። «ባሕሩ አጠገብህ ነው ለምን ኮራል አታወጣም» የሚለኝ ዘመድ አለኝ። በሕግ የተጠበቀ ነው፣ የሞተውን ስባሪ እንኳን ማንሳት አይቻልም። እኔም አልነካውም።

ዱባይ_ሙቀት (ዱባይ)

አንድ ነገር ብቻ። ሁላችሁም ስለ ማሞቅ ታወራላችሁ፣ እኛ ጋ ጭንቀቱ ማቀዝቀዝ ነው። ኤሲ አጥፍቼ ለሁለት ቀን ወጣሁና 45ቱ 31 ዲግሪ ደርሶ አገኘሁት። ኮራሎቹ ነጡ። አሁን ትንሽ ፋን ላዩ ላይ አድርጌበታለሁ፣ ትነቱ ራሱ ያቀዘቅዘዋል፣ ግን ትነቱ እጥፍ ሆነ፣ ስለዚህ ጋሼ ያለው አውቶ ቶፕ ኦፍ የግድ ነው። ቨርጂኒያም ሐምሌ ላይ ቀላል አይደለም።

ሲኤምሲ_ሰፈር (አዲስ አበባ)

እኔ ጨው የሌለው ውሃ ነው ያለኝ፣ እናንተን እያነበብኩ ምራቄን እውጣለሁ። አንድ ቀን እዚህ ብሞክረው ስንት ሊትር ትሉኛላችሁ? መብራት ሲጠፋ አራት አምስት ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

ጨው_በልኬቱ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

አንተ ጋማ ትልቁን እልሃለሁ፣ በሁለት ምክንያት። ትንሽ ታንክ ቶሎ ይበርዳል። ከውሃው መጠን አንጻር የ30ው ገጽታ የ60ው እጥፍ ነው፣ ሙቀቱም በዚያው ልክ ያመልጣል። የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ታውቀዋለህ። ሁለተኛው ከፍታው ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳር ከሚይዘው ሦስት አራተኛ አካባቢ ብቻ ነው። ፓምፕ ሲቆም የምታጣው መጀመሪያ ኦክስጅኑን ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከታንኩ በፊት ግዛ፣ ዓሣም አታብዛ። ጨውና ኮራል እንዴት እንደምታስገባ ሌላ ራስ ምታት ነው፣ እሱን ለብቻው ክር ክፈትበት።

ወደ አሌክሳንድሪያው ልመለስ። 45 ላይ ከሆንክ አንድ ወጥመድ አለ። ሱቅ ውስጥ «45 ኪዩብ፣ ሁሉም በአንድ» ተብሎ የሚሸጠው ከኋላው ፊልተሩ የሚቀመጥበት ክፍል አለው። ያ ክፍል ወደ 10 ሴንቲ ይወስዳል። ስለዚህ የምታየው 45 በ35 እንጂ 45 በ45 አይደለም። ለማን ነው ኪዩብ የምትገዛው ታዲያ? ሳምፕ ያለው ብትገዛ ሙሉውን ታገኛለህ፣ ግን ውልህ 30 ጋሎን ስለሚል ሳምፑ 6 ጋሎን ካለፈ አለቀ። ለአንተ ከኋላ ክፍል ያለው ይሻላል፣ ብቻ የሚታየውን ክፍል በሜትር ለካ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመን።

አቀማመጥ። ጥግ ውስጥ አትሸጉጠው። የኪዩብ ትልቁ ጥቅሙ ከሦስት በኩል መታየቱ ነው፣ ድንጋዩን መሃል ላይ እንደ ደሴት ትሠራዋለህ፣ ዙሪያውን ትመለከታለህ። ጥግ ላይ ካስጠጋኸው ከሁለት በኩል ብቻ ነው የሚታየው፣ ግድግዳው በኩል ያለውን አልጌ የምትፍቅበት ቦታም አይኖርህም። ቢያንስ እጅህ የሚገባበት ክፍተት ተው።

መብራት ላይ ደግሞ ኪዩብ ያተርፍሃል። ረጅም ታንክ ሁለት ሦስት መብራት ይፈልጋል፣ 45 ኪዩብን አንድ ጥሩ ኤልኢዲ በደንብ ይሸፍነዋል። ለስላሳ ኮራልና ሀመር ከ50 እስከ 150 ፓር (የሚደርሳቸው ብርሃን መለኪያ) ይበቃቸዋል፣ በ45 ጥልቀት ያንን አሸዋው ላይም ታገኛለህ። አክሮፖራ የሚባለው ኮራል ካማረህ ከ200 በላይ ነው፣ እሱን ከሁለት ዓመት በኋላ እናወራለን።

ውሃ ቅየራውን በዓመት አስላው፣ እኔ እንደዛ ስሠራው ነው የገባኝ። 45ቱን በሳምንት 8 ሊትር ብትቀይር ዓመቱን 15 ኪሎ ጨው ይበቃሃል። 60 ከነሳምፑ በሳምንት 23 ሊትር፣ በዓመት ከ40 ኪሎ ጨው በላይ ነው። 8 ሊትር ኩሽና ውስጥ በአንድ ባልዲ ይቀላቀላል። 23 ሊትር ግን ቦታ ይፈልጋል፣ ቦታ ለማግኘት ደግሞ ሚስትን ማስፈቀድ አለብህ።

የቧንቧ ውሃ እንዳትጠቀም። የናንተ አካባቢ ውሃ ክሎራሚን አለበት፣ ፀደይ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ክሎሪን ይቀይሩታል። አርኦ ዲአይ የሚባለውን፣ በውሃው የሟሟውን ሁሉ የሚያወጣ ማጣሪያ ግዛ፣ ቆጣሪው ዜሮ ሲያሳይ ብቻ ተጠቀም።

ጀማሪው_ሪፍ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ቅዳሜ ዕለት አንድ የሞኝ የሚመስል ነገር አደረግኩ። የቴሌቪዥንና የማይክሮዌቭ ካርቶን ቆርጬ የ30፣ የ45፣ ለጉጉቴ ደግሞ የ60 ሳጥን ሠራሁ። ከነቁምሳጥኑ ቁመት። አንድ በአንድ ቦታው ላይ አስቀምጬ ኖርኩባቸው።

60ው ግዙፍ ነበር። በረንዳ ስወጣ በጎን ነው የማልፈው። እንግዳ መጣና ኮቱን ሰቀለበት፣ ውል ባይከለክለኝም ያኔ ይበቃኝ ነበር። 30ው ደግሞ ከሶፋው ስቀመጥ ጠፋ። ከርቀት ምንም ነገር አይመስልም፣ ካልተጎነበስክ አታየውም። 45ቱን አስቀምጬ ሚስቴ ዝም ብላ አለፈች፣ ያ ማለት ተፈቀደ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ከታንኩ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ እሑድ እሑድ ረከቦቱ የሚዘረጋበት ቦታ ነው። ከሰሉ፣ ዕጣኑ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ረከቦቱ አይነሳም፣ እሱ ላይ ድርድር የለም ተብያለሁ። ይጎዳዋል?

እሙ_ዴንቨር (ዴንቨር፣ ኮሎራዶ)

ሃሃ ይሄን ጥያቄ ፈረንጆቹ መድረክ ላይ ብትጠይቅ ማን ይመልስልሃል!

እኔ ጋ ቡና ሲፈላ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ሲወርድ በግልጽ አየዋለሁ። ከሰሉና አሥር እንግዳ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቤቱ ውስጥ ይከማቻል፣ ውሃው ይወስደዋል። መስኮት ስከፍት ይመለሳል። ዕጣኑ የገደለብኝ ነገር የለም፣ ግን ክዳን የሌለው ታንክ ላዩ ላይ ስስ ቅባት ነገር ይይዛል፣ ሽንኩርት ሲቁላላም እንደዛው። ከሰሉን በረንዳ አቀጣጥሉት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ፓምፑን ላዩን እንዲያናውጥ አድርገህ አዙረው። በቃ።

በረሮ መግደያ ግን ቤት ውስጥ እንዳይነፋ። ለሽሪምፕህ ሞቱ ነው።

ናኖ_ብቻ (ሲያትል)

ካርቶኗን ሳነብ ተሸነፍኩ። 45 ግዛ። እኔ 30ዬን ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያስቀመጥኩት፣ ፊቴ ላይ ነው፣ ለዚህ ነው የምትበቃኝ። ከሶፋ ለሚያይ ሰው አትሆንም፣ እውነት ነው።

ዙአንቲድ ስትገዛ ጓንትና መነጽር አድርገህ ንካው፣ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ድንጋዩን በፈላ ውሃ ላጽዳ እንዳትል፣ እንፋሎቱ ሆስፒታል ያስገባል።

አሽዶድ_ባሕር (አሽዶድ፣ እስራኤል)

ክዳን ደግሞ። ጎቢ ይዘላል። የኔው ሌሊት ዘሎ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ደርቆ አገኘሁት። የመረብ ክዳን አድርግ፣ ብርሃንም አየርም ያሳልፋል።

ጀማሪው_ሪፍ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሻለሁ፣ ጠፋ እንዳትሉኝ።

45 ገዛሁ፣ ከኋላ ክፍል ያለው። ጋሼ እንዳለው ስለካው የሚታየው 45 በ36 ነው። አናጢው እንዳለው ውሃ ልክ ስይዝ አንዱ ጥግ 4 ሚሊ ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ ከቁምሳጥኑ ሥር ሽብልቅ አስገብቼ አስተካከልኩት። ውሃው እስኪዘጋጅ፣ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ እስኪሆን 5 ሳምንት ጠበቅኩ። ባዶ ድንጋይ 5 ሳምንት ማየት ምን ያህል እንደሚያስተዛዝብ ሚስቴ ትንገራችሁ።

አሁን ሁለት ክላውን፣ ጎቢው ከነሽሪምፑ፣ ሁለት ማሽሩም፣ ትንሽ ዜኒያ የሚባል ለስላሳ ኮራል። ሀመሩ ባለፈው ሳምንት ገባ። ታንግ የለም። በጀቱ 1,500 አልበቃም፣ 1,740 ደርሷል፣ ይህን ሚስቴ አታነብም ብዬ ነው። ረከቦቱ ቦታው ላይ ነው፣ መስኮቱ ይከፈታል።

እናቴ ለፋሲካ ትመጣለች። የምግቡን ቆርቆሮ ቁምሳጥን ውስጥ ከክረምት ልብሱ ሥር ደብቄዋለሁ።

እሙ_ዴንቨር (ዴንቨር፣ ኮሎራዶ)

ታገኘዋለች።